የአንሶላው ሌላኛው ጫፍ

ላውንድሪው ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ከአለቃው ጀምሮ ቅርጫት እስከሚገፋው ሠራተኛ ድረስ ሁሉም የሚያውቃት «እንፋሎት» በሚል ቅጽል ነው። ቅጽሉ የወጣላት በአንድ በኩል ቀኑን ሙሉ ከትልቁ ካውያ ሥር ስለማትጠፋ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ቁጣዋ ክዳኑ እንደተነሣ ድስት ድንገት ቡፍ ብሎ ፊት ስለሚገርፍ ነበር። እርሷ ግን ስሙን አልጠላችውም። «እንፋሎት ባይኖር አንሶላችሁ ሁሉ የታኘከ ይመስል ነበር» ትላለች፤ የሚስቅ ሰው ሲገኝ ደግሞ «ምን ያስቃል?» ብላ ታፈጥበታለች።

ላውንድሪው ከመንገዱ በታች ባለ ምድር ቤት ውስጥ ይገኛል። ከጣሪያው ሥር ጎን ለጎን የተዘረጉት ቧንቧዎች ሲያልባቸው ይውላሉ፤ በጠባቧ መስኮት የሚታየውም የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ከሆቴሎችና ከክሊኒኮች የሚመጣው አንሶላ፣ ፎጣና የትራስ ልብስ በአንደኛው ጫፍ ይታጠባል፤ መካከል ላይ ይጨመቃል፤ በወዲያኛው ጫፍ በካውያው በኩል ያልፋል። ካውያው በእጅ የሚያዝ ዓይነት አይደለም። እየተንከባለለ እርጥቡን አንሶላ ከአንድ ወገን ውጦ በሌላው ወገን እንደ ወረቀት አለስልሶ የሚተፋ የብረት በርሜል ነው። የእንፋሎት ሥራ ያንን በርሜል ማብላት ነበር። ክንዶቿ ላይ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ድረስ የተበተኑት ትንንሽ ጠባሳዎች በርሜሉ በየጊዜው የነከሳት ንክሻዎች ናቸው።

በርሜሉ የተፋውን እየተቀበለች የምታጥፈው ደግሞ ሌላ ሴት ናት። ሁሉም አጣፊዋ ይላታል። እርሷም እንደ እንፋሎት ከሌላ አገር የመጣች፣ እንዲያውም የአገሯ ልጅ ናት፤ ነገር ግን ቀድማ ስለመጣች ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ይዛለች። ፈቃድ የያዘ ሰው አረማመዱ ይለያል። አጣፊዋ ስትራመድ አንገቷ አይንቀሳቀስም፤ የምታጥፈው አንሶላም እንደ እርሷው ነው፤ ጠርዙ ከጠርዙ ጋር ተገጥሞ፣ ማዕዘኑ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

እንግዲህ ትልቅ አንሶላ አንድ ሰው ብቻውን የሚያጥፈው ነገር አይደለም። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ፣ ሁለት ሁለት ጫፍ ይዞ፣ ስቦ፣ አራግፎ፣ ተቀራርቦ ማቀባበል አለበት። ቀድሞ አጣፊዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛዋ ስትለቅ አለቃው በእርሷ ምትክ ሰው አልቀጠረም። «በመሐል በመሐል አንቺ ያዥላት፤ ምን ይጎድልብሻል?» አላት እንፋሎትን። አንሶላው ትኩስ ሳለ ካልታጠፈ ተጨማዶ ተመልሶ ወደ እርሷው ስለሚመጣ፣ እንፋሎት ማጉረምረሟን ሳታቋርጥ መያዝ ጀመረች። የሥራ ፈቃዷ ላይ የሥራው ዓይነት «ካውያ» ተብሎ መጻፉን አለቃው ያውቃል፤ ምክንያቱም ያስጻፈው እርሱው ነበር።

ችግሩ ሁለቱ ሴቶች አለመነጋገራቸው ነው። ቂሙ የተጀመረው በአንድ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ነበር። ልብሱ ከካውያው ሲወጣ መሐሉ ላይ ቡናማ የቃጠሎ ምልክት ነበረበት፤ አጣፊዋም የሞተ አይጥ እንደምታነሣ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ ሠራተኛው ሁሉ ምሳ ላይ እንዳለ፣ በአለቃው ፊት «ይህ የማን እጅ ሥራ ነው?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ተዘጋጉ። አንሶላውን ግን አልዘጉትም፤ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ይስባሉ፣ ያራግፋሉ፣ ያቀባብላሉ። አንዷ ለሌላዋ የምትለው ነገር ሲኖራት የምታወራው ለልብስ ማድረቂያው ማሽን ነው።

«አንዳንድ ሰው» ትላለች አጣፊዋ ወደ ማድረቂያው እያየች፣ «ቀኝና ግራውን ሳይለይ ካገሩ ይወጣል።»

«አንዳንድ ሰው ደግሞ» ትላለች እንፋሎት ለዚያው ማድረቂያ፣ «ወረቀት ስለያዘች አንሶላው ሁሉ ከአባቷ የወረሰችው ይመስላታል።»

ቅርጫት ገፊው መሐላቸው ሲያልፍ «ይህ ማሽን ጆሮ ቢኖረው ኖሮ ሥራ ይለቅ ነበር» ይላል።

እንፋሎት ይህን ሁሉ የምትችለው ስለ ልጇ ነበር። ልጅቷ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ናት፤ የመልቀቂያ ፈተናውን የምትወስደው በዚያው ዓመት ነው። የልጅቷ መቆያ ከእናቷ የሥራ ፈቃድ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ የእናትየው ካልታደሰ የልጅቷም አብሮ ይወድቃል። ፈተናው ሳይደርስ ከወጡ ደግሞ ልጅቷ የተማረችው ሁሉ በሌላ አገር ትምህርት ቤት የማይቆጠር ስለሆነ፣ እንደ አዲስ ከታች ክፍል ልትጀምር ነው። ስለዚህ በየዓመቱ የእድሳቱ ወቅት ሲቃረብ እንፋሎት ሰው ታከብራለች። ለአለቃው ፈገግ ትላለች፤ ለዘበኛው ቀድማ ሰላምታ ትሰጣለች፤ እንዲያውም ከማድረቂያው ጋር የምታወራውን ትቀንሳለች።

የዚያ ዓመት እድሳት ሊደርስ ሲል ነው ነገሩ የመጣው።

አንድ ረፋድ ላይ አጣፊዋ ስልኳ ጠራ። እናቷ ነበሩ፤ በሥራ ሰዓት የማይደውሉ ሰው ስለሆኑ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ጠረጴዛውን ጥላ በኋላ በር ወጣች። ይህ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። አለቃው ጠረጴዛ ጥሎ የወጣ ሠራተኛ ካገኘ ከሥራ ያባርራል። በርሜሉ ግን አልቆመም፤ አንሶላው እየወጣ ጠረጴዛው ላይ ይቆለል ጀመር። እንፋሎት ክምሩን አየችው። መተው ትችል ነበር። አለቃው በዚያች ቅጽበት ብቅ ቢል የሚያገኘው የጠላቷን ባዶ ጠረጴዛ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል? ይሁን እንጂ ከልጅነቷ ጀምሮ ባደገችበት ወግ፣ የሰው ሥራ ተቆልሎ እያዩ እጅን አጣጥፎ መቆም ነውር ነው፤ ጠላትም ብትሆን የሥራ ባልንጀራ በሌለችበት ጉዷን አያወጡባትም። ሊሰድቧት ከተፈለገ ስትመለስ ፊት ለፊት ይሰድቧታል እንጂ! ስለዚህ በርሜሉን አዘግይታ ወደ ማጠፊያው ጠረጴዛ ሄደችና አንድ አንሶላ አነሣች።

ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝላት ሰው ስታጣ ዘወር አለች። በሩ አጠገብ ስስ ጃኬት የለበሰ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከሆቴሉ ተልኮ የመጣ፣ አለዚያም አዲስ የተቀጠረ መሰላት።

«ግድግዳው እንዳይወድቅ ነው የያዝኸው?» አለችው። «ና ይልቅ ይህችን ጫፍ ያዝልኝ።»

ሰውየው ጥቂት አመነታ፤ ከዚያ ቦርሳውን አስቀምጦ መጣና ያዘ።

«ሳብ። ሳብ ስልህ ሳብ እንጂ! እንደ ሙሽራ ቬሎ በጣትህ ጫፍ አትንካው። ከፍ አድርገው፤ ወለል ልትጠርግበት ነው እንዴ? አሁን ወደ እኔ ና። ጫፉን ለእኔ ስጥ፤ አንተ ከታች ያዝ። አዎ። ቤት ውስጥ ሚስትህ ናት መሰል የምታጥፈው።»

«እናቴ ናት» አለ ሰውየው።

«ያስታውቃል።» አጥፋ ስትጨርስ አንሶላውን በመዳፏ ዳበሰችና «እጅህ ሰነፍ ነው፤ ግን ትለምዳለህ» አለችው።

ሰውየው ከኪሱ መታወቂያ አወጣ። የሠራተኛ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ነበር።

«ፈቃድሽን አሳዪኝ።»

አሳየችው። አነበበ። «ካውያ ይላል።»

«ካውያ ነኝ።»

«ታዲያ አሁን ያደረግነው...» ብሎ ጀመረና ጉሮሮውን ጠረገ፤ «አሁን ያደረግሽው ምንድን ነው?»

መልስ ግን አልጠበቀም። የታጠፈውን አንሶላ አንሥቶ፣ እንዳጠፈችው ሳይሆን እንደ አሮጌ ጋዜጣ ጭብጥ አድርጎ፣ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተተው። «ኤግዚቢት ነው» አላት። እንፋሎትን በዚያች ሰዓት ከሁሉ ይልቅ ያንገበገባት የአንሶላው መጨማደድ መሆኑን በኋላ ስታስበው ራሷም አፈረችበት።

የእድሳቱ ቀን የሆነውን ለመገመት አያስቸግርም። መሥሪያ ቤቱ ወንበሮቹ እንዳይሰረቁ ወለሉ ላይ በብሎን የታሰሩበት፣ ሠራተኞቹ ደግሞ እንዳይነኩ ከመስታወት ኋላ የታሰሩበት አዳራሽ ነው። በመስታወቱ ቀዳዳ በኩል ፀሐፊው ሳያያት ተናገረ።

«ከተፈቀደልሽ ሥራ ውጭ ተሠማርተሽ ተገኝተሻል። እድሳቱ አይሰጥም።»

«አንድ አንሶላ ነው እኮ!»

«አንድ ሰው የሚቀጠርበት ሥራ ነው። እናንተ ሁሉን ነገር ስትይዙት የእኛ ልጆች ምን ይሥሩ?»

«ልጆቻችሁ ይምጡና ይያዙታ! ሌላኛው ጫፍ እኮ ባዶ ነው፤ ስንት ጊዜ ሰው ቅጠሩልን ብለናል!»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። ቅር ካለሽ ይግባኝ አለ። ተረኛ!»

ተረኛው ከኋላዋ በክርኑ ገፋት።

አለቃውን ሄዳ ስትነግረው የተበላሸ ቧንቧ እንደሚያይ ሰው ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ሰማት። «እኔ እጠፊ አላልኩሽም» አለ።

«ያዥላት አላልከኝም?»

«ያዥላት ብያለሁ። እጠፊ አላልኩም። መያዝና ማጠፍ የተለያዩ ናቸው። ደግሞም ቃልህን ስጥ ቢሉኝ ፈቃዷ ላይ ያልተጻፈ ሥራ አላሠራትም ነው የምለው፤ ምን እንድል ፈለግሽ? ላውንድሪውን ላስዘጋው? እኔን አታስገቢኝ።»

ማታ ቤት ስትገባ ልጇ በተጣጣፊው ጠረጴዛ ላይ መጽሐፏን ዘርግታ ነበር። ቤታቸው ከጫማ ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ማስቲሹ በወለሉ በኩል እየሸተተ ይወጣል። እንፋሎት የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ እንደ እናቷ ተቆጣች።

«ሴትዮዋን ለምኚያት እማዬ። እርሷ መጥታ ‹የኔ ሥራ ነው፤ እሷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የያዘችው› ካለች ይበቃል።»

«እርሷን? ብሞት አልለምናትም።»

«አንቺ አትሞቺም። እኔ ነኝ ዘጠነኛ ክፍል የምመለሰው። ከሕፃናት ጋር ተሰልፌ መዝሙር ልዘምር?»

እንፋሎት ዝም አለች። ዝም ስትል እንደተሸነፈች ልጇ ታውቃለች፤ ስለዚህ ምንም ሳትጨምር ወደ መጽሐፏ ተመለሰች።

በማግስቱ እንፋሎት አንሶላውን በርሜሉ ውስጥ ከታ ወዲያኛው ወገን እስኪወጣ ድረስ ጠበቀች፤ ከዚያም ማድረቂያውን ሳይሆን ሴትዮዋን እያየች «ስሚ» አለች።

አጣፊዋ እጇ ላይ ያለው ፎጣ ተንጠልጥሎ ቀረ። «እኔን ነው?»

«አንቺን ነው። ይግባኝ አለብኝ። መጥተሽ እንድትመሰክሪልኝ እፈልጋለሁ።»

«አሃ! አሁን አፍሽ ተከፈተ? ለካ ምላስሽን በርሜሉ አልበላውም!»

«ልትሰድቢኝ ከሆነ ኋላ ትሰድቢኛለሽ። አንቺ በሌለሽበት ነው የያዝኩት። ጠረጴዛሽ ባዶ እንዳይታይብሽ።»

«ማን ለምኖሽ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ማንም ይመስክርልሽ። እኔ መጥቼ ‹ጠረጴዛዬን ጥዬ ወጥቼ ነበር› ልበል? አለቃው በነጋታው ቁልፌን ይቀበለኛል። ይህን ወረቀት ለማግኘት እኔ የተደገፍኩት በር፣ የተፋጠጥኩት መስታወት ስንት እንደነበረ ታውቂያለሽ? ማን መሰከረልኝ? ማንም!»

«ስለ ልጄ ነው» አለች እንፋሎት። ይህን ቃል ማውጣት ለእርሷ ጥርስ ከመንቀል ይከብድ ነበር።

አጣፊዋ ፎጣውን አጠፈች። ሌላ አነሣች። አጠፈች። ከዚያም ወደ ማድረቂያው ዞር ብላ «አንዳንድ ሰው ሥራ ያስፈታል» አለች። ወሬው በዚሁ አበቃ።

የይግባኙ ክፍል ከዋናው አዳራሽ በላይ፣ ኮሪደሩ ማለቂያ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ይግባኝ ሰሚዋ ሸምገል ያሉ፣ መነጽራቸው በአፍንጫቸው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ሴት ናቸው፤ ሰውን ሁሉ «እርስዎ» ይላሉ፤ ከአፋቸው ሲወጣ ግን «እርስዎ» ከስድብ ይብስ ነበር። ተቆጣጣሪው በስተቀኛቸው ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያለው አንሶላ ይታያል።

«እርስዎ በካውያ ፈቃድ ገብተው በአጣፊነት ሲሠሩ ተይዘዋል። ትክክል ነው?»

«አልተያዝኩም፤ የያዘው እርሱ ነው» አለች እንፋሎት፤ ወደ ተቆጣጣሪው እየጠቆመች። «ሌላኛውን ጫፍ ማን ያዘው? ይጠይቁት! እኔ ጥፋተኛ ከሆንኩ እርሱም አብሮኝ አጥፏል። የእርሱ ፈቃድ ላይ አንሶላ የሚል ተጽፏል?»

ይግባኝ ሰሚዋ ከመነጽራቸው በላይ ተቆጣጣሪውን አዩት። «ይዘው ነበር?»

ጆሮው ቀላ። «ለማጣራት ነው የያዝኩት። ሥራውን በምን ያህል ብቃት እንደምትሠራ ለማወቅ። እጅግ የተካነች ናት፤ ትእዛዝ ስትሰጠኝ ነበር። ይህ የአንድ ቀን እጅ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ በአጣፊነት ስትሠራ የቆየች ለመሆኗ ማስረጃ ነው።»

እንፋሎትን የሚያጠፋት የሚያመሰግናት ሰው ሆነ። ነገሩ እውነት ነበር። አጣጣፏ ከአጣፊዋ እንደማያንስ በልቧ ስትኮራ ኖራለች፤ ለማንም ግን ተናግራ አታውቅም።

በዚህ መሐል በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። አጣፊዋ አንገቷን ሳታንቀሳቅስ ገባች።

«ምስክር ነኝ» አለች። «የላውንድሪው አጣፊ እኔ ነኝ። ያን ቀን ጠረጴዛዬን ጥዬ ስልክ ላነሣ ወጥቼ ነበር፤ መጻፍ የሚፈልግ ይጻፈው።» ተቆጣጣሪው በእርግጥም መጻፍ ጀመረ። «ይህቺን ሴት አልወዳትም። ተሳዳቢ ናት። የጠረጴዛ ልብስ አቃጥላ በሰው የምታላክክ ናት። ግን አጣፊ ናት መባሉን ከበሩ ውጭ ሆኜ ስሰማ ስቄ ነው የገባሁት። እርሷ አጣፊ ከሆነች እኔ አውሮፕላን አብራሪ ነኝ!»

«ምን ማለትዎ ነው?» አሉ ይግባኝ ሰሚዋ።

«አታውቅም ማለቴ ነው። አንሶላ ስትይዝ ድንኳን የምትተክል ነው የምትመስለው። ያን ቀን ጠረጴዛዬ ላይ የተቆለለውን ተመልሼ ያጠፍኩት እኔው ነኝ። እንኳን ደመወዝ ተከፍሏት፣ በነጻ እንኳ ላጥፍ ብትል ማንም ላውንድሪ አያስጠጋትም።»

እንፋሎት ፊቷ ጋለ። አፏን ከፈተች። የልጇ ተጣጣፊ ጠረጴዛ በዓይነ ልቡናዋ ሲመጣባት መልሳ ዘጋችው።

ይግባኝ ሰሚዋ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እያዩ እርሳሳቸውን አሽከረከሩ። ከዚያም በእርሳሱ ከረጢቱን ገፋ አደረጉት። «ተቆጣጣሪው የተካነች ናት ይላል። እርስዎ አታውቅም ይላሉ። ኤግዚቢቱ እዚህ አለ። እስቲ አብረው አጥፈው ያሳዩኝ።»

እንፋሎት አንሶላውን ከከረጢቱ አወጣች፤ አጣፊዋ ሌላኛውን ጫፍ ያዘች። በጠረጴዛውና በግድግዳው መሐል ፊት ለፊት ቆሙ።

እንፋሎት ማበላሸት እንዳለባት ያውቅ የነበረው ጭንቅላቷ ነው። እጇ ግን የጭንቅላቷ አልነበረም። ጨርቁ መዳፏ ውስጥ እንደገባ ጣቶቿ በራሳቸው ጠርዙን ፈልገው አገኙት፤ ክንዶቿ በልክ ተዘረጉ፤ አንሶላው በመሐላቸው እንደ ጠረጴዛ ገጽ ተወጠረ። «አይ፣ አይ» አለች በልቧ፤ እጇ አልሰማም። በጠላቷ ፊት ተንጋዶ መታየቱን እምቢ አለ። ተቆጣጣሪው ከወንበሩ ከፍ ብሎ «አዩ?» ለማለት አፉን አዘጋጅቶ ነበር።

በዚያን ጊዜ አጣፊዋ ሳበች። ዓይኗን ሳትነቅል፣ ፊቷ ላይ አንድም ነገር ሳይታይ፣ ቀኙን ጫፍ ሳብ አድርጋ ግራውን አላላችው። አንሶላው ተጣመመ። እንፋሎት ልታስተካክል ስትስብ ያኛዋ ለቀቀች፤ ስታላላ ያኛዋ ሳበች፤ ሊቀባበሉ ሲቀራረቡ አጣፊዋ ታችኛውን ጫፍ ላይኛው አድርጋ አቀበለቻት። በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ያረፈው ነገር አንድ ወገኑ ያበጠ፣ ሌላው ወገኑ የተንጠለጠለ፣ ድመት የተኛችበት ትራስ የሚመስል ነገር ነበር።

«ይኸው» አለች አጣፊዋ እጇን እያራገፈች። «ምን ብዬ ነበር?»

እንፋሎት ውስጧ ፈላ። «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው!» የሚለው ቃል ጥርሷ ላይ ደርሶ ነበር። በካውያው ሥር ስንት ዓመት ስትቃጠል እንዲህ የነደደችበት ቀን ያለ አይመስልም። ከንፈሯን በጥርሷ ያዘች፤ የጨው ጣዕም እስኪመጣ ድረስ ያዘች።

«እርስዎ የሚሉት አለ?» አሉ ይግባኝ ሰሚዋ።

ተቆጣጣሪው፣ አጣፊዋ፣ መነጽሩ፣ ሁሉም አዩአት።

«አልችልም» አለች እንፋሎት። «ማጠፍ አልችልም።»

ይግባኝ ሰሚዋ የተበላሸውን አንሶላ በሁለት ጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩትና ወደ ተቆጣጣሪው ዞሩ። «የተካነች ብለው ነው የጻፉት? ለወደፊቱ የማያውቁትን ሥራ አይገምግሙ።» ከዚያም ለእንፋሎት፣ በዚያው በማይሞቀው ድምፅ፣ «እድሳቱ ለአንድ ዓመት ይሰጣል። ከካውያው እንዳይለዩ። ሁለተኛ አንሶላ ይዘው ከተገኙ ለይግባኝ እንኳ አይምጡ» አሉ። ማህተሙንም ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

ደረጃው ላይ እንፋሎት ደረሰችባት።

«ቀኙን ጫፍ ሆን ብለሽ ሳብሽው።»

«ሳብኩት።»

«እንደዚያ ያለ ቆሻሻ አጣጣፍ በሕይወቴ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም!»

«እጅሽ መቼ ሊያርፍ ነበር? እንደ ሞኝ አሳምረሽ ልታጥፊው ነበር እኮ! ልጅሽን ልታስባርሪ! ቅር ካለሽ ተመልሰሽ ግቢና ንገሪያቸው።»

እንፋሎት ቆማ ወደ ላይኛው በር አየች። በእውነት አየች። አንድ አፍታ ያህል እግሯ ወደ ላይ የሚሄድ መስሎ ነበር።

«አለቃው ያባርርሻል» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ጅል ነሽ።»

«ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። ሥራዬን የማያውቅ ሰው ‹የተካነች› እያለ ሲዘባርቅ መስማት ስለማልወድ ነው።» አጣፊዋ ይህን ብላ መውረዷን ቀጠለች።

አውቶቡሱ አንድ ስለሆነ አብረው ተሳፈሩ። አጣፊዋ ከፊት ተቀመጠች፤ እንፋሎት ጎኗ ባዶ ወንበር እያለ አልፋት ሄዳ ከኋላ ተቀመጠች። ስልኳን አውጥታ ልጇ ጋ ደወለች።

«ሰጡን» አለች። «አንብቢ። ፈተናሽን ትፈተኛለሽ።»

በወዲያኛው ጫፍ ጩኸት ተሰማ፤ ወንበር ሲወድቅም ተሰማ። ከዚያ ልጅቷ ትንፋሿን ሰብስባ «ሴትዮዋ መጣች? መሰከረችልሽ?» አለች።

እንፋሎት ከፊት ለፊቷ ያለውን የማይንቀሳቀስ አንገት አየች። ድምጿ እስከዚያ ድረስ እንዲደርስ አስተካክላ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ዞር እስኪል ድረስ ጮክ ብላ፣

«መጣች» አለች። «አንሶላ መያዝ የማትችል ሴትዮ ናት።»